ካሹዬ ቢጫ ሆነብኝ፣ ዩሪያ ልጨምር ወይስ ዚንክ ልርጭ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ሸዋሮቢት አጠገብ መስኖ ዳር ካሹ ተክዬ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ግን አዲሱ ቅጠል ትንንሽ ሆኖ ጫፍ ላይ ይታጨቃል፣ ቢጫም ይላል፣ ፍሬውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዩሪያ ደጋግሜ ሰጠሁት ምንም ለውጥ የለም። ወንድሜ አሪዞና በረሃ ውስጥ ፒካን (ለውዝ መሳይ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ) እርሻ ላይ ነው የሚሰራው፣ እዛ ዚንክ ቅጠሉ ላይ ይረጫሉ አለኝ፣ እኔም ልርጭ? (ከቀወት)

መልስ፦ ወንድሜ ዩሪያውን ለጊዜው ተወው። ናይትሮጅን ያነሰው ዛፍ ቢጫ የሚሆነው ከታች ካለው አሮጌ ቅጠል ጀምሮ ነው፣ ያንተ ግን ከአዲሱ ነው የጀመረው፣ ቅጠሉ አንሶ ጫፍ ላይ መታጨቁ ደግሞ በብዛት የዚንክ እጥረት ምልክት ነው። የቅጠሉ መጠን ደህና ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ መሀሉ ቢጫ ቢሆን ኖሮ ብረት ነው እል ነበር።

ወንድምህ ያለህ ልክ ነው። የአሪዞናና የኒው ሜክሲኮ የፒካን አፈር ኖራ የበዛበት፣ ፒኤቹም (የአፈሩ የአሲድነት መለኪያ) ከ7 በላይ ነው፣ እንዲህ ያለ አፈር ላይ ዚንክ ብትበትን አፈሩ አስሮ ያስቀረዋል ስሩ አያገኘውም፣ ለዛ ነው በቅጠል የሚሰጡት። ዚንክ ከአሮጌው ቅጠል ወደ አዲሱ ብዙም ስለማይሄድ አዲስ ቅጠል ባወጣ ቁጥር ይደግሙታል።

አንተም ሞክረው፣ በ20 ሊትር መርጫ 50 ግራም ዚንክ ሰልፌት በቂ ነው። ቅጠሉ ለጋ እያለ፣ ጠዋት ወይ ጸሐይ ስትበርድ ርጭ (የቀወትን የቀን ሙቀት አንተው ታውቀዋለህ ያቃጥለዋል)። መጀመሪያ ግን አንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ረጭተህ ሳምንት ጠብቅ፣ ካሹ ፒካን አይደለም።

ዩሪያ ስትመለስበት ደግሞ ላዩ ላይ በትነህ አትሂድ እባክህ፣ በሙቀትና ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ጋዝ ሆኖ ነው የሚተነው፣ ብርህን ነው የምትበትነው። አፈር አልብሰው ወዲያው አጠጣው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ጨዉን ላይኛው አፈር ላይ ያጠራቅመዋል፣ አልፎ አልፎ በደንብ አጠጥተህ ወደታች እንዲወርድ አድርገው፣ ውሃው መውጫም ይኑረው። አዋሽ ወርደህ አፋር ያለውን አሚባራን ብታይ መውጫ በሌለው መስኖ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ብሎ ስንት የጥጥ መሬት በጨው ተበላሽቷል። ግንዱን ሳታስነካ ዙሪያውን የበሰበሰ ፍግና ጉዝጓዝ አድርግለት።

የአፈር ምርመራ የት እንደምታሰራ የቀበሌህን ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ) ወይ ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልን ጠይቅ፣ ፒኤቹን ሳታውቅ ሌላ ማዳበሪያ አትግዛ። አዲስ ችግኝ ከመጨመርህ በፊትም ጉድጓድ ቆፍረህ ውሃ ሙላበት፣ በማግስቱ ካልጠለቀ እዛ ቦታ ላይ ካሹ አትትከል።