ለሰማይ አካል ስም ከማውጣታችሁ በፊት

ውድ የሥነ ፈለክ ክበብ ተማሪዎች፣

ለኦንላይን ፕሮጀክታችሁ ስም ስትፈልጉ አንድ ቆንጆ ቃል መርጣችሁ አትቁሙ። ነገ ለሚመጡት አካላትም የሚበቃ፣ አንድ ቤተሰብ የሆነ የስም ስብስብ ምረጡ። የማሳያችሁ ጉዳይ ከአገራችሁ አይርቅም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞር አንድ ፕላኔት መድቦ ስም አስወጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰው በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ የሚገኘው፣ በካታሎግ (በከዋክብት መዝገብ) ቁጥሩ ኤችዲ 16175 የሚባለው ሲሆን ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቷ አቦል ተባሉ። ወደፊት እዚያው ሌሎች ፕላኔቶች ቢገኙ ቶናና በረካ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። እኔ በጣም የምወደው ምርጫ ነው።

ከዚያ የስም ውድድር ደንብም አንጻር አጥኑት። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከ4 እስከ 16 ፊደል መሆን ነበረበት፤ ሁለቱም ልክ አራት አራት ናቸው። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ ስለሌለባቸው የውጭ አገር ሰው ሲያነባቸው ብዙም አይዛቡም። «ጨረቃ»ን ግን በላቲን ጻፉ ብትባሉ ከአንድ ክፍል ብዙ ዓይነት አጻጻፍ ይወጣል። እንዲህ ያለ ስም ከወደዳችሁ አንዱን አጻጻፍ በመጀመሪያው ቀን ወስናችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ።

አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር ትንሽ ድንጋያማ አካል) ለምትፈልጉ ደግሞ ነገሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። የአንድ ሰማይ ክፍል አራት ፎቶዎች በተከታታይ እየታዩ፣ ቦታውን የቀየረው ነጥብ ይለያል። ያ ነጥብ መጀመሪያ የሚያገኘው ዓመትና ፊደላት ያሉበት ጊዜያዊ መለያ ብቻ ነው። ምሕዋሩ በሚገባ ተረጋግጦ ቋሚ ቁጥር እስኪሰጠው ድረስ ዓመታት ያልፋሉ፤ ስም የማቅረብ መብት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ገና ሪፖርት ሳትልኩ በስም አትጣሉ። ደንቡም ከፕላኔቶቹ ይለያል፦ በ2019ኙ ውድድር በሕይወት ያለ ሰው ስም ክልክል ነበር፣ ለአስትሮይድ ግን ይፈቀዳል። በፖለቲካ ወይም በውትድርና የታወቀ ሰው ከሆነ ከሞተ 100 ዓመት ማለፍ አለበት። የንግድ ስም አይቀበሉም፤ የውሻችሁንም ስም ባታቀርቡ ይሻላል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን በፋይል ስም ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ አንዱን ብትፈልጉ ሌላው ላይወጣ ይችላል። በፋይሉ ላይ ቡና ብላችሁ ሳይሆን የካታሎግ ቁጥሩን ጻፉ፤ መረጃ የሚፈለገው በእሱ ነው። ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዓመትን አስቀድማችሁ፣ ሰዓቱን በዩቲሲ፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ሰዓት በሦስት ሰዓት በሚዘገየው ዓለም አቀፍ መደበኛ ሰዓት፣ አድርጉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከምሽቱ 2 ሰዓት የተነሣ ፎቶ 17:00 ይባላል፤ ጃንዋሪ 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ከሆነ 2025-01-14-1700 ይሆናል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተጠንቀቁ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በዩቲሲ ያለፈው ቀን 23:00 ነው። ይህ ሲዘነጋ ምልከታው ከአንድ ቀን ስህተት ጋር ይመዘገባል፣ አስትሮይዱም በተሰላው ቦታ አይገኝም።

በገንዘብ የኮከብ ስም የሚሸጡ ድርጅቶችም ያጋጥሟችኋል። ኅብረቱ ለዚያ ሰርተፍኬት እውቅና አይሰጥም፤ የክበቡን መዋጮ ለኢንተርኔት ጥቅል አውሉት።