ክረምት ሳይገባ ምን እንሥራ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። የቧንቧ ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ዓምና በርሜል ደቅነን የዝናብ ውሃ ብናጠራቅም በሁለት ሳምንት ጠቁሮ ሸተተ። የቤቱ ጣሪያ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ነው። ሮቶ ብንገዛ ያዋጣናል ወይስ እሱም ያው ይሆናል?

መልስ፦ ያዋጣል። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ይገኛል። የሚፈናጠቀውና የሚባክነው ተቀንሶ 80 በመቶው ይያዛል ብላችሁ አስቡ። አንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከእናንተ ጣሪያ 640 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው። አዲስ አበባ በሐምሌም በነሐሴም ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስለምታገኝ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ደጋግሞ ይሞላል። ለልብስ፣ ለወለልና ለሽንት ቤት በደንብ ይበቃችኋል።

የዓምናው ውሃ የተበላሸው በጋውን ሙሉ ጣሪያው ላይ የከረመው አቧራ፣ ቅጠልና የወፍ ኩስ በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ በርሜሉ ውስጥ ስለገባ ነው። የበርሜሉ አፍ ክፍት ከነበረ ደግሞ ብርሃኑ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል፣ ትንኝም ይራባበታል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከጣሪያው ነው። ግንቦት ሳይወጣ ጣሪያውን ጥረጉ፣ አሸንዳውን ከቅጠልና ከደለል አጽዱ። እግረ መንገዳችሁንም የላላ ሚስማርና የተሰነጠቀ ጎማ ካለ ለውጡ። አሸንዳው ወደ መውረጃው በየሜትሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ማዘንበል አለበት። ማዘንበሉን ለማየት አንድ ጆግ ውሃ ከዳር አፍስሱ፤ መሐል ላይ ከተኛ ማሰሪያው ረግቧል።

ቀጥሎ የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ የሚያስቀር ቱቦ ይገጠማል። ውሃው ሮቶው ጋ ከመድረሱ በፊት መውረጃው ላይ ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ አድርጉ። አንዱ አፍ ወደ ሮቶው ይሄዳል፤ ሌላው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወርዶ በሚፈታ ክዳን ይዘጋል። የታችኛው ሲሞላ ብቻ ነው ንጹሑ ውሃ ወደ ሮቶው የሚያልፈው። ለ40 ካሬ ጣሪያ ቢያንስ 20 ሊትር መያዝ አለበት። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በአንድ ሜትር 8 ሊትር ተኩል ገደማ ስለሚይዝ ሁለት ሜትር ተኩል ያስፈልጋል። ቁመቱ ካልበቃ ከሥሩ ጀሪካን አፉን አጥብቃችሁ ግጠሙለት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ከዝናቡ በኋላ ካልተደፋ የቀጣዩ ዝናብ ቆሻሻ ቀጥታ ሮቶው ውስጥ ይገባል። ክዳኑ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብትበሱ ራሱ ቀስ ብሎ ይንጠባጠባል፤ ቀዳዳው ግን እንዳይደፈን በየሳምንቱ ተመልከቱት።

የሞላ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አንድ ቶን ይመዝናል። መረሬ አፈር ላይ እንዲሁ ከተቀመጠ አፈሩ በክረምት ሲያብጥ በበጋ ሲሰነጠቅ ሮቶው ያዘነብላል፤ የድንጋይና የኮንክሪት መደብ ያስፈልገዋል። የትርፍ ውሃ መውጫው ከመግቢያው አይጥበብ፤ ውሃውንም ወደ ጎረቤት አጥር ሳይሆን ወደ ቦይ ምሩት። ለመጠጥ ባትጠቀሙበት እንመርጣለን። ግድ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥሉትና ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ አፍሉት፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነውና።

ጥያቄ፦ በጥር ገዝቼ ያሰጣሁት ዛላ በርበሬ በሐምሌ ሲከፈት ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ሆኖ አገኘሁት። ፀሐይ ላይ መልሼ ባሰጣው፣ ካልሆነም በደንብ ባምሰው ይስተካከላል?

መልስ፦ አይስተካከልም። ይጣሉት፣ ለዶሮም አይስጡት። በሻገተ በርበሬ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊኖር ይችላል፤ ማመስም ሆነ ወጥ ውስጥ መቀቀል አያጠፋውም። ብዙ ብር የወጣበትን በርበሬ መጣል እንደሚያንገበግብ እናውቃለን፤ ቢሆንም በዚህ አይደራደሩ።

ለከርሞው ዋናው ነገር በጥር ፀሐይ ጨርሶ ማድረቅ ነው። ዛላው ከላይ ደርቆ ሳለ ከዘንጉ ሥር ያለው ወፍራም ክፍል እርጥበት ይዞ ይቆያል። ሲያጥፉት ከተልመጠመጠ አልደረቀም፤ ቀጭ ብሎ ሲሰበርና ሲነቀንቁት ፍሬው ሲንኳኳ ደርሷል። ሲሚንቶ ወለል ላይ ሳይሆን ከፍ ያለ አልጋ ላይ ሰሌን አንጥፈው ሳይደራረብ ያስጡት፤ ጤዛ ሳይወርድበት 11 ሰዓት ገደማ ያስገቡት። ከፀሐይ እንደወጣ በትኩሱ ላስቲክ ውስጥ አይክተቱት፤ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ተለውጦ ላዩ ላይ ይመለሳል። የተፈጨውን ደግሞ በትናንሽ ክዳናቸው ጥብቅ በሆነ ዕቃዎች ከፋፍለው አንዱን ሲጨርሱ ሌላውን ይክፈቱ። ጆንያውን ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቀው ከወለሉም በእንጨት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ በሰኔ ጓሯችን ውስጥ ቲማቲም ተክለን ቅጠሉ ቡናማ እየሆነ ረገፈ። ጥፋታችን ምንድን ነው?

መልስ፦ ወቅቱ ነው። በቀዝቃዛና እርጥብ አየር የሚዛመተው፣ ብዙዎች ምች የሚሉት በሽታ ቲማቲምንም ድንችንም በሐምሌ ያጠቃል። የታመመውን ነቅላችሁ አስወግዱ፤ ብስባሽ ውስጥ አትጨምሩት። ለክረምት የሚስማማችሁ ሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ነው። ችግኙን በግንቦት አፍሉ፤ መደቡን 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሩ። በሰኔ ጎመኑን በ40፣ ቆስጣውን በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ። ከውጭ ያለውን ቅጠል ብቻ እየቀጠፋችሁ ከመሐል አራት አምስት ቅጠል ተዉለት። በነሐሴ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ከሆነ ዝናቡ ናይትሮጅኑን ከአፈሩ አጥቦት ሊሆን ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ግንድ ሁለት እፍኝ የበሰለ ብስባሽ ጨምሩለት። ቲማቲሙን ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ካለፈ በኋላ በጥር መጨረሻ ውሃ እያጠጣችሁ ሞክሩት።