ባንክ ቤት ወይስ ፖሊሲ?

«ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የ4ኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ቢቸና አካባቢ ገበሬዎች ናቸው። ድህነትን የሚቀንስ ፖሊሲ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። አጎቴ ግን ‹ፖሊሲ እንጀራ አይሆንም፣ ባንክ ተፈተኚ› ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ከአጎትሽ ጋር አትጣይ። የባንክ ማስታወቂያ ከወጣ አመልክቺ። ብቻ ፖሊሲ ማለት አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የሚጻፍ ወረቀት ከመሰለው ተሳስቷል። አንቺም ትንሽ እንደሱ ሳታስቢ አልቀረሽም።

እቤት ስትሄጂ የመሬት ደብተሩን አውጥተሽ እዪው። የአባትሽም የእናትሽም ስምና ፎቶ ይኖርበታል። ይሄ ፖሊሲ ነው። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት እንደገና ሲደለደል መሬቱ የተቀነሰበት የጎጃም ገበሬ ብዙ ነው። ነገ ይወሰድብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ደግሞ እርከን አይሠራም፣ ዛፍ አይተክልም። ደብተሩ የመጣው ያንን ስጋት ለመቀነስ ነው። የእናትሽ ፎቶ የገባው በፍቺ ወይም በሞት ጊዜ ባዶ እጇን እንዳትቀር ነው። አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ያሉት ገበሬዎች ማንም ሳያዛቸው አሲዳማ መሬታቸው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለው፣ ከሰል አክስለው ሸጠው ቤታቸውን ቆርቆሮ አልብሰዋል። በኋላ በሽታ መጥቶ ዛፉን ጎዳው እንጂ። በአንድ ዛፍ ላይ መንጠልጠል ምን እንደሚያመጣም ከዚያ መማር ይቻላል።

የፖሊሲ ሰው ሥራ «ጥሩ ሐሳብ ነው» ማለት አይደለም። «ሠርቷል ወይ? ለማን?» ብሎ መቁጠር ነው። ስለዚህ መቁጠር ተማሪ። ኤክሴል አይበቃም፤ ስታታ ወይም አር የሚባሉትን የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌሮች ልመጂ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከዓለም ባንክ ጋር የሚሠራው የቤተሰብ ጥናት መረጃ አለ። ተመዝግቦ በነፃ ማውረድ ይቻላል። ካምፓስ ኔት ባለ ቀን አውርጂው። የመረጃ ሰብሳቢነት ሥራ ካገኘሽም አትናቂው። መንገድ ሲዘጋ በስልክ የሚጠይቁም አሉ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ቁጥር ብቻ ሸምድደሽ አትግቢ። «ድህነት በ1988 ከነበረበት 45.5 በመቶ በ2008 ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል» ማለት ማንም ይችላል። የ2008ቱ የድህነት መስመር ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር። ይሄ ብር ዛሬ ቢቸና ገበያ ስንት ጤፍ እንደሚገዛ ከፈታኞችሽ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። እሱን ተናገሪ። ለምግብ ዋስትና ችግረኞች ድጋፍ የሚሰጠው ሴፍቲኔት ከ1997 ጀምሮ አለ። ጉልበት ያለው ሠርቶ፣ አቅም የሌለው ሳይሠራ ለምን እንደሚቀበል ማስረዳትም ቻዪ።

አጎትሽን ደግሞ ፀደይ ባንክ የትናንቱ አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) መሆኑን አስታውሺው። ማዳበሪያ መግዣ ያጣ ገበሬ የሚበደርበት ቤት ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ብትቀጠሪ ማን ተበድሮ እንደተለወጠ፣ ማን በሬውን ሸጦ ዕዳ እንደከፈለ መስኮት ላይ ሆነሽ ታያለሽ። ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት ብዙ አላውቅም። የወረዳ ፕላን ቢሮም ሞክሪ፤ ደሞዙ ግን አያኮራም።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስሽን ገና ካላስገባሽ ከደብተሩ ጀምሪ። መሬቱ ለእኩል ሲሰጥ የሚዋዋለው ማን ነው? ደብተሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ቁልፍስ ማን ጋ ነው? መጀመሪያ እናትሽን ጠይቂያት፤ አባትሽ በሌሉበት።