ስሙ ከዝርዝሩ የቀረው ማን ነው? ስለ ክለቦች የዓለም ዋንጫ ስብስቦች ጥያቄና መልስ

የተጫዋቾች ዝርዝር ሲወጣ ብዙ ሰው በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ያልፈዋል። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ነው የማነበው። አሰልጣኙ ማንን እንደሚያምን፣ ክለቡ ማንን ሊሸጥ እንዳሰበ፣ የትኛው ቦታ እንደሳሳ ኳስ ሳይነካ እዚያ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ላይ በ32 ክለቦች መካከል ስለተካሄደው የክለቦች የዓለም ዋንጫ ጥያቄው ተጠራቅሞብኛል። በተራ በተራ ልመልስ።

ጥ፦ አንድ ክለብ ስንት ተጫዋች ይዞ መሄድ ይችላል? እንደ ብሔራዊ ቡድን 26 ነው?

መ፦ እዚህ 26 ትንሹ ቁጥር ነው። ትልቁ 35 ነው። በድሮው አነስተኛ ውድድር ጊዜ 23 ብቻ ነበር።

ግን 35 ስለተፈቀደ ሁሉም 35 አይዝም። ማንቸስተር ሲቲ 27 ብቻ ይዞ ነው የሄደው። ጃክ ግሪሊሽና ካይል ዎከር ቀሩ። አሰልጣኙ ጋርዲዮላ ከውድድሩ በፊት በሜይ ወር ላይ ትልቅ ስብስብ እንደማይፈልግ፣ ክለቡ ካላሳነሰለት እንደሚለቅ በግልጽ ተናግሮ ነበር። ጤነኛ ተጫዋቾችን በየሳምንቱ ከአሰላለፍ ውጭ ማስቀረት ከብዶት ነበር። ስለዚህ ያን ዝርዝር ያነበበ ሰው ግሪሊሽ በክለቡ ያለው ጊዜ እያለቀ መሆኑን ለመረዳት ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

ጥ፦ ሦስት በረኛ ለምን ግዴታ ሆነ? ሦስተኛውማ መቼም አይገባም።

መ፦ አይገባም ብለን የምናስበው እስኪያስፈልግ ድረስ ነው። ተከላካይ ቢጎዳ አማካይ ወደ ኋላ ይመለሳል። አጥቂ ቢጎዳ የመስመር ተጫዋች ወደ መሃል ይገባል። የበረኛን ቦታ ግን ማንም አይሸፍነውም። አንዱ ቢጎዳና ሌላው በቀይ ካርድ ቢወጣ ሜዳ ተጫዋች ጓንት ያጠልቃል። ከዚያ በተጨማሪ ልምምድ አለ። ሦስተኛው በረኛ በየቀኑ የሚመታበትን ኳስ ብዛት ያየ ሰው ዋጋውን ያውቃል።

ጥ፦ ዣኦ ፔድሮ ውድድሩ ተጀምሮ ጥሎ ማለፍ ላይ ከተደረሰ በኋላ ለቼልሲ ተጫወተ። ይሄ እንዴት ተፈቀደ?

መ፦ ይሄን የጠየቁኝ ብዙ ናችሁ፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ጁን 30 ነው። በአውሮፓ አብዛኛው የተጫዋች ውል የሚያልቀው በዚያች ቀን ነው። ውድድሩ ደግሞ ጁን 14 ተጀምሮ ጁላይ 13 ነው ያለቀው። ቀኗ ውድድሩን መሃል ለመሃል ሰነጠቀችው። ከምሽቱ ልምምድ ላይ የአንድ ክለብ ተጫዋች የነበረ ሰው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ክለብ የለውም ማለት ነው። ብሔራዊ ቡድን እንዲህ ዓይነት ችግር የለበትም፤ ዜግነት በጁን 30 አያልቅም።

ፊፋ ይሄን ለመፍታት ሁለት ልዩ የዝውውር መስኮት፣ ማለትም ክለቦች ተጫዋች የሚያስመዘግቡበት ጊዜ፣ ከፈተ። አንደኛው ከጁን 1 እስከ 10፣ ውድድሩ ሳይጀመር። ሁለተኛው ከጁን 27 እስከ ጁላይ 3፣ ውድድሩ እየተካሄደ። ሁለተኛው ውላቸው ያለቀባቸውን ለመተካትና አዲስ የመጡትን ለማስመዝገብ ነበር።

ዣኦ ፔድሮ በዚህ በሁለተኛው በር ነው የገባው። ጁላይ 2 ከብራይተን ወደ ቼልሲ መዛወሩ ይፋ ሆነ። ከዚያ በፊት እረፍት ላይ ነበር። ጁላይ 4 የብራዚሉ ፓልሜራስ ላይ ተቀይሮ ገባ። ጁላይ 8 በግማሽ ፍጻሜው ፍሉሚኔንሴ ላይ ሁለት አስቆጠረ። ፍሉሚኔንሴ ከልጅነቱ ያሳደገው የብራዚል ክለብ ነው። ጎሉን ሲያገባ አልጨፈረም፤ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀ። ጁላይ 13 በፍጻሜው የፈረንሳዩ ፒኤስጂ ላይ ሦስተኛዋን ጎል አገባ። ክለቡን በተቀላቀለ በ11 ቀኑ የዓለም ዋንጫ አነሳ።

ሕጋዊ ነው። ትክክል ነው ወይ ካላችሁኝ ግን እኔ አይመስለኝም። ውሉ ያለቀበትን ሰው መተካት ተገቢ ነው። ሌሎቹ በዚያ ሙቀት አራት ጨዋታ ተጫውተው እግራቸው ዝሎ ሳለ፣ ትኩስ አጥቂ ከውጭ ማምጣት ግን ሌላ ነገር ነው። መስኮቱ ለሁሉም ተከፍቷል፤ ኪሱ ግን እኩል አይደለም።

ጥ፦ ታዲያ ውላቸው ጁን 30 ያለቀባቸው ሌሎቹ ምን ሆኑ?

መ፦ ሦስት ዓይነት መጨረሻ ነው ያየነው።

ሌሮይ ሳኔ ከባየርን ጋር ሄደ፣ ውሉ ሲያልቅ ወደ ጋላታሳራይ ወጣ። ባየርን በሩብ ፍጻሜው ፒኤስጂን ሲገጥም አልነበረም። በዚያው ጨዋታ ጃማል ሙሲያላ እግሩ ተሰበረ። አንዱ በውል፣ አንዱ በጉዳት ሲሄድ ስብስብ እንዴት እንደሚሳሳ እዚያ ላይ ታየ።

ቶማስ ሙለርና ሉካ ሞድሪች በበኩላቸው ለዚሁ ውድድር ብለው ውላቸውን በአጭሩ አራዘሙ። ሙለር ለባየርን የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው ጁላይ 5 በዚያው ሩብ ፍጻሜ ነው። ሞድሪች ደግሞ ሪያል ማድሪድ በግማሽ ፍጻሜው በፒኤስጂ 4 ለ 0 በተሸነፈበት ቀን ተሰናበተ። እንዲህ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ስንብት! ዛሬም ያሳዝነኛል።

ኬቨን ዲ ብራይነ ጭራሹን አልሄደም። ከሲቲ ወጥቶ ናፖሊ ገባ። ውል ለሌለው ተጫዋች ጉዳት ማለት ቀጣዩን ሥራ ማጣት ነው፣ ስለዚህ ማንም ሊወቅሰው አይገባም።

ጥ፦ አሌክሳንደር አርኖልድስ? የሊቨርፑል ውሉ እስከ ጁን 30 ነበር እኮ።

መ፦ ልክ ነህ። ሪያል ማድሪድ አንድ ወር ቢታገስ በነጻ ያገኘው ነበር። ለዚህ ውድድር እንዲደርስለት ብሎ ለሊቨርፑል ገንዘብ ከፍሎ ቀድሞ አስለቀቀው። ዲን ሃይሰንንም ከቦርንማውዝ በዚያው መስኮት አመጣ። ግን ተመልከት፦ ሃይሰን ዶርትመንድ ላይ ቀይ ካርድ አየ፣ አርኖልድ ተጎዳ፣ ሁለቱም ከግማሽ ፍጻሜው ቀሩ።

ጥ፦ ጎንዛሎ ጋርሲያ የሚባለው ልጅ ከየት መጣ? ከውድድሩ በፊት ስሙን ሰምቼው አላውቅም።

መ፦ ከሪያል ማድሪድ ሁለተኛ ቡድን፣ ከካስቲያ ነው። የሰፊ ስብስብ ጥቅም ምን እንደሆነ ማስረዳት ስፈልግ እሱን ነው የምጠቅሰው።

ምባፔ ውድድሩ ሲጀመር ክፉኛ ሆዱን ታመመ፣ ሆስፒታልም ገባ። የምድቡን ሦስት ጨዋታ ሳይጫወት አለፈ። ማድሪድ በስም የሚታወቅ ሌላ አጥቂ ፍለጋ አልሮጠም። የያኔው አሰልጣኝ ዣቢ አሎንሶ ልጁን አሰለፈው። አል ሂላል ላይ አገባ። ሳልዝበርግ ላይ አገባ። ጁቬንቱስን ከውድድሩ ያስወጣችው ብቸኛ ጎል የእሱ ነበረች። ዶርትመንድ ላይም ደገመ። አራት ጎል! ሌሎች ሦስት ተጫዋቾችም አራት አራት አግብተው ነበር፤ ለጎል ባቀበለው ኳስ በልጦ የኮከብ ግብ አግቢነቱን የወርቅ ጫማ ወሰደ።

ከላይ ስለ ዣኦ ፔድሮ ያልኩትን ከዚህ ጋር አያይዛችሁ አንብቡት። አንዱ ክለብ ቀዳዳውን በገበያ ደፈነ፣ ሌላው በጓዳው ባለው። ዋንጫውን የወሰደው የመጀመሪያው ነው። ልቤን የወሰደው ግን ሁለተኛው ነው።

ጥ፦ ኤስቴቫዎ ለቼልሲ ፈርሞ ሳለ እንዴት ቼልሲ ላይ አገባ?

መ፦ ዝውውሩ ቀድሞ ተስማምተውበት ያለቀ ነው። መሄጃው ግን ከውድድሩ በኋላ ነበር። በዝርዝር ላይ የሰፈረው በፓልሜራስ ስም ስለሆነ የተጫወተው ለፓልሜራስ ነው። የሩብ ፍጻሜውን የአቻነት ጎል እሱ አገባ፣ ቼልሲ ግን 2 ለ 1 አሸነፈ።

ጥ፦ ስሙ ዝርዝር ላይ ኖሮ ጭራሽ ሳይደርስ የቀረ ተጫዋች አለ?

መ፦ ሜህዲ ታሬሚን አስታውስ። ያኔ የኢንተር ሚላን አጥቂ ነበር። ለሀገሩ ለኢራን ተጫውቶ ወደ ክለቡ ሊመለስ ሲል የእስራኤልና የኢራን ጦርነት ተጀመረ፣ የኢራን የአየር ክልል ተዘጋ። ቴህራን ውስጥ ቀረ። ኢንተር ያለ እሱ ተጫወተ።

ጥ፦ በዚያው ሰሞን የሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ብሔራዊ ቡድኖች ውድድር፣ የጎልድ ካፕ፣ ነበር። አሜሪካዊ ተጫዋች ለክለቡ ነው ለሀገሩ የሚጫወተው?

መ፦ ያኔ የጁቬንቱስ የነበሩት ዌስተን ማኬኒና ቲም ዊያ፣ የዶርትመንድ የነበረው ጂዮ ሬይና ከክለባቸው ጋር ሆኑ። አሜሪካ ጎልድ ካፑን ያለ እነሱ ተጫወተች። የሚገርመው የክለቦቹ ውድድር በሙሉ፣ የጎልድ ካፑም አብዛኛው ጨዋታ አሜሪካ ውስጥ ነበር።

ጥ፦ ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ ዝርዝር ሀ እና ዝርዝር ለ ሲባል እሰማለሁ። እባክህ በቀላሉ አስረዳኝ፤ ጓደኞቼ ሁሉ ያወሩታል፣ እኔ ግን አይገባኝም።

መ፦ እህቴ፣ ሲያወሩት የሚያወሳስቡት እነሱ ናቸው፤ ነገሩ ያን ያህል አይከብድም።

ዝርዝር ሀ ዋናው ነው። እስከ 25 ሰው ይይዛል። ከ25ቱ ስምንቱ ቦታ እዚያው ላደጉ ተጫዋቾች የተያዘ ነው፦ አራት ክለቡ ራሱ ላሳደጋቸው፣ የቀረው በዚያው ሀገር ሌላ ክለብ ላሳደጋቸው ጭምር። ክለቡ ስምንት ከሌለው ቦታው ባዶ ይቀራል እንጂ በሌላ አይሞላም። 25 የነበረው 22 ወይም 21 ይሆናል።

"ያደገ" ማለት ደግሞ የተወለደበት ሀገር አይደለም። ከ15 እስከ 21 ዓመቱ ባለው ጊዜ ውስጥ ሦስት ዓመት እዚያ የተመዘገበ ማለት ነው። ሜሲ አርጀንቲናዊ ነው፣ በባርሴሎና ግን ያደገ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ፋብሬጋስ ስፔናዊ ነው፣ በ16 ዓመቱ አርሰናል ስለገባ ለአርሰናል እንደዚያው።

ዝርዝር ለ ለወጣቶች ነው። የቁጥር ገደብ የለውም። ከ21 ዓመት በታች ሆኖ ክለቡ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓመት የቆየ ልጅ ይገባበታል። ሁለቱ ዓመት ከ15ኛ ልደቱ ወይም ከዚያ በኋላ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ አንዳንዴ ነገሩ ይገለበጣል። የአርሰናሉ ማክስ ዳውማን በ15 ዓመቱ ለወጣቶች ዝርዝር ገና ልጅ ስለነበር ከትልልቆቹ ጋር ዝርዝር ሀ ላይ ሰፈረ። ከዚያም በ15 ዓመት ከ308 ቀኑ ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ ተሰልፎ በውድድሩ ታሪክ ትንሹ ተጫዋች ሆነ።

ጥ፦ ኮል ፓልመር አንድ ጊዜ ከአውሮፓ ዝርዝር ቀርቶ አልነበረም?

መ፦ አዎ፣ 2024/25 ላይ። ቼልሲ ለአውሮፓ ሦስተኛ ደረጃ ውድድር ለኮንፈረንስ ሊጉ የመጀመሪያ ዙር ስሙን ጭራሽ አላስመዘገበም። የክለቡ ምርጥ ተጫዋች! የያኔው አሰልጣኝ ማሬስካ ድካሙን ሊቀንስለት ፈልጎ ነው ያደረገው። ለጥሎ ማለፉ አስገባው፣ ክለቡም ዋንጫውን በላ። ከዚያ በዚያው ክረምት የክለቦች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ሁለት አግብቶ የውድድሩ ኮከብ ተባለ። ያኔ ብዙዎች አሰልጣኙን ተችተው ነበር። እኔ አሁንም ያ ውሳኔ ነው እግሩን ለጁላይ ያቆየለት እላለሁ።

ጥ፦ ጥር ላይ ክለብ የቀየረ ተጫዋች በዚያው ዓመት ሻምፒዮንስ ሊግ ለሁለት ክለብ መጫወት ይችላል?

መ፦ አሁን ይችላል። ከ2018/19 ጀምሮ ነው የተፈቀደው። ኮውቲንሆ በጃንዋሪ 2018 ከሊቨርፑል ወደ ባርሴሎና ሲሄድ ገና ስላልተፈቀደ የቀረውን ቁጭ ብሎ ነው ያየው።

ጥ፦ ሰርጂዮ ራሞስ ለምን 93 ቁጥር ለበሰ?

መ፦ በ2014 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አትሌቲኮ ማድሪድ ላይ በ93ኛው ደቂቃ በጭንቅላቱ ላገባት ጎል መታሰቢያ ነው። በዚያው ማሊያ፣ በ39 ዓመቱ፣ ለሜክሲኮው ሞንቴሬይ ኢንተር ላይ በጭንቅላቱ አገባ።

ጥ፦ ኦክላንድ ሲቲ በባየርን 10 ለ 0 ሲሸነፍ አየሁ። እንዲህ ያለ ቡድን እዚያ ምን ይሠራል?

መ፦ ወንድሜ፣ ያን ጨዋታ ብቻ አይተህ አትፍረድ።

የኒው ዚላንዱ የኦክላንድ ሲቲ ስብስብ ከ32ቱ ሁሉ የተለየ ነበር። ተጫዋቾቹ ቀን ቀን ሌላ ሥራ አላቸው። ልምምድ የሚሠሩት ከሥራ ሲወጡ ነው። ወደ አሜሪካ ለመሄድ ከየመሥሪያ ቤታቸው የእረፍት ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። የኦሺያኒያ ሻምፒዮን ሆነው ስለሆነ የሄዱት፣ ቦታቸውን ማንም በችሮታ አልሰጣቸውም። 10 ለ 0 ተሸነፉ። ቤንፊካም 6 ለ 0 አሸነፋቸው። ማለፍ አለመቻላቸው ተረጋግጦ ነበር።

ከዚያ ጁን 24 ናሽቪል ላይ የአርጀንቲናውን ቦካ ጁኒየርስን ገጠሙ። ቦካ ቀድሞ መራ። በሁለተኛው አጋማሽ መጀመሪያ ላይ ኦክላንዶች የማዕዘን ምት አገኙ። ክርስቲያን ግሬይ የሚባል ተከላካይ ከሁሉም በላይ ዘሎ በጭንቅላቱ መታት። ገባች። ከዚያ መብረቅ መጣና ጨዋታው ተቋረጠ፣ እንደገና ሲቀጥልም ቦካ ሊያገባ አልቻለም። 1 ለ 1 አለቀ። ግሬይ ያኔ መምህር ለመሆን እየሠለጠነ የነበረ ልጅ ነው። ከውድድሩ በኋላ የሚመለሰው ወደዚያው ትምህርቱ ነበር።