ሳራዬቮን የቆረቆረው ሹም

ጥያቄ፦ የቦስኒያዋ ሳራዬቮ በአንድ የቱርክ ሹም የተቆረቆረች ከተማ ናት ይባላል። ሹመት ዛሬ ተሰጥቶ ነገ የሚሻር ነገር ነው። ታዲያ አንድ ሹም ከተማ የሚያቆምበትን ገንዘብ ከየት ያመጣ ነበር? ከመንግሥት ግምጃ ቤት ነው?

መልስ፦ ሹሙ ኢሳ ቤግ ኢሳኮቪች ነው። እንደ አባቱ እንደ ኢሳቅ ቤግ መቀመጫውን በዛሬዋ ሰሜን መቄዶንያ ባለችው ስኮፕዬ አድርጎ ጠረፍ ያስተዳድር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1464 እስከ 1470 ደግሞ የቦስኒያ ሳንጃቅ (የቱርክ መንግሥት አውራጃ) ገዥ ሆኗል። የሳራዬቮን ሥራ የጀመረው ግን የቦስኒያ መንግሥት በ1463 ከመውደቁ በፊት ነው።

ገንዘቡ ከግምጃ ቤት አልመጣም፤ ከተማዋን ያቆማት ወቅፍ፣ ማለትም ገቢው ለበጎ ሥራ እንዲውል ለዘለዓለም የተሰጠ ንብረት ነው። ሹም ከመንግሥት የሚቀበለው መሬት እንደ እኛ አገር የድሮ ማደሪያ ነበር፤ ሲሻር ይለቀዋል፣ ወቅፍ ሊያደርገውም አይችልም። ስለዚህ አስቀድሞ የራሱ የሆነ ንብረት መያዝ አለበት። ኢሳ ቤግ በሚልያችካ ወንዝ ዳር ያለውን የብሮዳጽን መንደር ሲመርጥ፣ ለነዋሪዎቹ ህራስኒፃ ላይ ምትክ መሬት ሰጥቶ ተለዋወጠ። ከዚያ የወቅፉ ሰነድ በቃዲ (በእስልምና ሕግ ዳኛ) ፊት፣ በምስክሮች ይጸድቃል፤ የእርሱ ሰነድ የ1462 ነው። ከዚያች ቀን ወዲያ ንብረቱ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ በሕጉ መሠረት ሹሙ ቢሻርም ሱልጣኑ አይነጥቀውም። የዕለት ሥራውን የሚመራው ሙተወሊ የሚባል አስተዳዳሪ ነው።

ዋናው ብልሃት ገቢ የሚያስገባውን ከሚያወጣው ጋር ማጣመር ነው። የነጋዴ ማደሪያው ሃን፣ ሱቆቹና ወፍጮዎቹ ያስገባሉ፤ የዛውያው (የደርቪሾችና የእንግዶች ማረፊያው) ማእድ ቤት ያወጣል። በዚያ ማእድ ቤት ለመንገደኛ እስከ ሦስት ቀን ሥጋ፣ ሩዝ፣ ቅቤና ዳቦ ይቀርብለት ነበር፤ የተረፈው ለከተማው ድሆች ልጆች ነው። በወንዙ ላይ የተሠራው ድልድይም ለጌጥ አልነበረም፤ ድልድይ ከሌለ ነጋዴ ወደ ሃኑ አይመጣም፣ ነጋዴ ካልመጣ ሱቁን የሚከራይ ባለ እጅ አይገኝም።

ኪራይ ከሚያስገቡት መካከል ሐማሙን፣ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቱን፣ በተለይ ልብ ይበሉ። እሳቱ የሚነደው ከወለሉ ሥር ነው። ትኩሱ አየር በወለሉ ሥር አልፎ በግድግዳው ውስጥ ባሉ ቦዮች ይወጣል፤ ውሃው በምድጃው ላይ ይፈላል። ውሃ ከሌለ ሐማም ስለማይሠራ ቧንቧው ከሕንፃው ይቀድማል። ቧንቧው ከተደፈነ ሐማሙ ይዘጋል፣ ኪራዩም ይቆማል። ጥገናን ያዘገየ ሙተወሊ ወቅፉን በአንዴ አይገድለውም፤ ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። ሌላው ጠንቅ ቁርጥ ኪራይ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አቅቼ የሚባለው የብር ገንዘብ ሲረክስ፣ በቁርጥ የተከራዩ ሱቆች የሚያስገቡት የጥገናውን ወጪ መሸፈን አቃተው።

ኢሳ ቤግ ለሱልጣን መሐመድ 2ኛ ክብር ያሠራው መስጊድም በ1480 ወረራ ጠፍቷል። ዛሬ በቦታው የሚታየው የንጉሠ ነገሥቱ መስጊድ የ1565 ነው።

ጥያቄ፦ ስሟስ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከግቢው ነው። ኢሳ ቤግ ለአስተዳደሩ ያሠራው ቤት በቱርክኛ ሳራይ ይባላል፤ ኦቫ ሜዳ ነው። «ሳራይ ኦቫሲ»፣ የግቢው ሜዳ፣ በሰው አፍ ሲመላለስ ሳራዬቮ ሆነ።