ቀይ እስክሪብቶውን አስቀምጡት

ልጅ ለምታሳድጉ ወጣቶች፣ ታናናሾቻችሁን ለምታስጠኑም፦

ድሬዳዋ ውስጥ አንደኛ ክፍል ሳስተምር ነው ጸጉሬ የሸበተው። የሰው ልጆችን ፊደል አስቆጥሬ የገዛ ልጄን ቤት ውስጥ ማስጠናት ግን አቃተኝ። ደብተር ሳወጣ ሆዱን ያመዋል። ውሃ ይጠማዋል። አንድ ቀን ደብተሩን ፈልጌ ፈልጌ ከዱቄት በርሜሉ ጀርባ አገኘሁት።

የማስጠናው ምሳ እንደበላን ነበር፤ ከተማው ሁሉ በር ዘግቶ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት! በዚያ ሙቀት ትልቅ ሰውም ጋዜጣ አያነብም። ወደ 11 ሰዓት ሳዞረው ትንሽ ተሻለ። ጥናት ሲባል ፊቱ መጥቆሩን ግን አልተወም።

ነገሩ የገባኝ በአጋጣሚ ነው። ጎረቤታችን ቤት ሊያሠራ ደጃችን ላይ አሸዋ አስደፍቶ ነበር። ልጄ እዚያ ቁጭ ብሎ በጣቱ «ሰ» ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ደግሞ ይጽፋል። ማንም ሳያዘው። ደብተሩ ላይ «ሰ»ን ከ«ለ» ሲያምታታ እኔ በቀይ አሰምርበት ነበር። አሸዋው ላይ ግን አንዴ በእጁ ጠረግ ካደረገው ስህተቱ የለም።

ከዚያ ወዲያ አሸዋውን በትሪ ቤት አስገባሁት። 33 ፊደል በ7 ቤት 231 ነው። ያንን ሁሉ ገበታ አንዴ ፊቱ ብትዘረጉለት የትኛው ልጅ አይሸሽም? እኛ በቀን አንድ ረድፍ ያዝን፤ ከሀ እስከ ሆ። ሲደክመው ተወት። ከረሜላም ሞክሬያለሁ። ሁለት ሳምንት ሠራ፤ ከዚያ ዋጋው ወደ ሁለት ከረሜላ ጨመረ። አልመክርም።

ሒሳቡን ቀፊራ ገበያ ወሰድኩት። ማንጎውን እሱ ይመርጣል፣ ይከፍላል፣ መልስ ይቆጥራል። አንዴ 5 ብር ሲሳሳት ሻጯ «አቦ፣ ቁጠር እንጂ!» አለችው፤ ሳቀ። እኔ ብዬው ቢሆን ያለቅስ ነበር።

ደብተሩን አፍንጫው ድረስ የሚያስጠጋ ልጅ ከሆነ ግን ዓይኑን አስመርምሩት። ስንፍና ያልነው አንዳንዴ ሌላ ነው።

«አጥና» ብላችሁ ደግሞ እናንተ ስልክ ላይ አትጣዱ። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ የአስቤዛ ዝርዝርም ቢሆን ጻፉ። እኔ ሆን ብዬ ሽንኩርትን አሳስቼ ጻፍኩ። ያዘኝ። ሳምንቱን ሙሉ «እማዬ ተሳሳተች» እያለ ለሰፈሩ ሲያወራ ከረመ።