ፋኑ ወዴት ይነፍሳል?

ለኔትወርክ ሙያ አዲስ ለሆናችሁ፣

ከዓመታት በፊት ለአንድ የዳታ ማዕከል አሥራ ሁለት ስዊች፣ ማለትም ሰርቨሮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ መሣሪያ፣ አዘዝኩ። ዕቃው ከጉምሩክ ወጣ፤ ራክ በሚባለው የብረት መደርደሪያ ላይ ሰቅለን አበራነው፤ ተጨባበጥን። ከሰዓት በኋላ የሙቀት ማስጠንቀቂያው ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። የስዊቾቹ ማቀዝቀዣ ፋኖች ቀዝቃዛውን አየር ትተው ከሰርቨሮቹ ጀርባ የሚወጣውን የጋለ አየር ይስቡ ነበር። አቅራቢው አላጠፋም። የአየሩ አቅጣጫ በዕቃው መለያ መጨረሻ ላይ ባለች አንዲት ፊደል ይለያል፤ ያቺን ፊደል ሳላያት የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ሌላ አገር በማግስቱ የሚደርስ ፋን ለእኛ የወራት ጉዳይ ሆነ፤ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ፣ የባንክ ሰነድ፣ ጭነት፣ እንደገና ጉምሩክ። እስከዚያው ስዊቾቹን ፊታቸውን አዙረን ሰቀልናቸው። ሲዞሩ ፖርቶቹ (የኬብል መሰኪያዎቹ) ከሰርቨሮቹ ራቁ፤ ያኔ ደግሞ ባለ አንድ ሜትሮቹ የመዳብ ኬብሎች አጠሩ። አንዲት ፊደል ይህን ያህል ታስኬዳለች።

ስለዚህ ስለ ትእዛዙ ማለትም ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በወረቀት ላይ ስለሚሠራው ሥራ ልጻፍላችሁ። ስዊች ማዋቀሩን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ።

የዳታ ማዕከሉን ኔትወርክ ፈረንጆቹ ፋብሪክ ይሉታል፤ ጨርቅ ማለት ነው። ስሙን እወደዋለሁ። ሰርቨሮቹን የሚይዙት ስዊቾች ሊፍ፣ ሊፎቹን የሚያገናኙት ስፓይን ይባላሉ። እያንዳንዱ ሊፍ ከእያንዳንዱ ስፓይን ጋር ይታሰራል፤ ሊፍ ከሊፍ፣ ስፓይን ከስፓይን ግን አይተሳሰሩም። ሥሩ የቤል ላብስ ተመራማሪ የነበረው ቻርልስ ክሎስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 ለስልክ ማዞሪያ ያቀረበው ንድፍ ነው። ሸማኔ ድሩን ዘርግቶ ከጨረሰ በኋላ ጨርቁን ላስፋው ቢል አይሆንለትም። የእኛ ድር የስፓይኑ ፖርት ብዛት ነው። ስፓይኑ 32 ፖርት ካለው፣ ለእያንዳንዱ ሊፍ አንድ መስመር ብንሰጥ እንኳ ከ32 ሊፍ በላይ አይሸከምም። በየራኩ ሁለት ሊፍ ካስቀመጥን ደግሞ 16 ራክ ላይ አበቃ። ለዛሬ ስንት ራክ እንደሚያስፈልግ ሁሉም ሰው ይነግራችኋል፤ እናንተ የአምስት ዓመቱን ጠይቁ።

ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣውን መስመር አስሉ። 48 ፖርት ያለው ሊፍ እያንዳንዱ ፖርት 25 ጊጋቢት ቢሆን ወደ ታች 1,200 ጊጋቢት ይሰጣል። ወደ ላይ ባለ 100 ጊጋቢት አራት መስመር ብቻ ካለው፣ ሦስቱ ሰርቨሮች የአንዱን መንገድ ይሻማሉ ማለት ነው። ለተራ አገልግሎት ይህ አይከፋም። የመረጃ ማከማቻው በዚያው መስመር የሚያልፍ ከሆነ ግን እኔ በስድስት መስመር ሁለት ለአንድ ካላደረግሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የሰርቨር ባለሙያዎቹን ስትጠይቁ “ያን ያህል አንጠቀምም” ይሏችኋል። በቅንነት ነው የሚሉት። ቢሆንም ያለፈውን ዓመት የትራፊክ ግራፍ እዩ።

ሰው ሁሉ ስዊቹን ቆጥሮ ትራንሲቨሩን፣ በፋይበሩ ጫፍ ፖርቱ ላይ የሚሰካውን የብርሃን ምልክት መለወጫ፣ ይረሳል። 20 ሊፍ ከአራት ስፓይን ጋር ሲታሰር 80 መስመር ይሆናል፤ የፋይበር መስመር ሁለት ጫፍ ስላለው 160 ትራንሲቨር ማለት ነው። በዚህ ላይ መጠባበቂያ ጨምሩ። ስዊቹ የሌላ አምራች ትራንሲቨር ይቀበል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። የኬብሉን ርዝመት በዓይን አትገምቱ፤ ሜትር ይዛችሁ ከወለል እስከ ጣሪያ ባለው መሄጃ በኩል ለኩት።

የአዲስ አበባ ልጆች ከፍታችሁን አትርሱ። እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው መመሪያ፣ እስከ 35 ዲግሪ ለሚፈቀድለት ዕቃ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። በእኛ ከፍታ 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። የአምራቹን ሠንጠረዥ ስታነቡ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውንም አንብቡ።

የአድራሻ ዕቅዱን፣ የስዊቾቹን ስም፣ የኬብሉን መለያ ዕቃው ባሕር ላይ ሳለ ጨርሱት። ቪኤክስላን (አንዱን ኔትወርክ በሌላው ላይ ጠቅልሎ የሚያሳልፍ ዘዴ) የምትጠቀሙ ከሆነ በየፓኬቱ ላይ 50 ባይት ስለሚጨምር በስፓይኑም በሊፉም ትልቁን የፓኬት መጠን ፍቀዱ። ይህን የዘነጋ ሰው ትንሹ ፒንግ (መስመሩ መሥራቱን የሚፈትሽ አጭር መልእክት) እያለፈለት ትልቁ ፋይል ሲቆምበት ሦስት ቀን ፋየርዎሉን ሲወቅስ ይከርማል።

ዕቃው ሲሰቀል የእያንዳንዱን ስዊች ሁለት የኤሌክትሪክ ገመድ ተከተሉ። ሁለቱም አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ላይ ተሰክተው ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ኬብሉ ታስሮ ሲያልቅ ኤልኤልዲፒ በሚባለው የስዊቾች መተዋወቂያ ፕሮቶኮል እያንዳንዱ ስዊች ጎረቤቱን ይናገር፤ መልሱን ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። ከዚያ አንድም ደንበኛ ሳይገባ፣ በሰርቨሮች መካከል ፒንግ እየሄደ ሳለ የአንዱን ስፓይን ሁለቱንም የኤሌክትሪክ ገመድ ንቀሉ። ጥቂት ፓኬት ቢጠፋ ግድ የለም። ፒንጉ ከቀጠለ መልሳችሁ ሰኩት፤ እስኪነሣና መስመሮቹ እስኪመለሱ ጠብቃችሁ ወደሚቀጥለው ስፓይን ሂዱ።